ዜማ ጥቁር ለብሳለች

ደብረ ማርቆስ፣ ታኅሣሥ ወር

ይድረስ ባሕር ዳር ለምትኖሪው ለጣውንቴ፤

ባሕር ዳር ስል የጣናውን ከተማ ማለቴ አይደለም። ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልሽ ሹፌሩ ገዳሙ ፖስታው ላይ እንዲህ ተጽፎ ቢያይ መኪናውን ወደዚያ እንዳያዞርብኝ ብዬ ነው የማብራራው። ጨው ያለበትን፣ የጅቡቲውን ዳር ማለቴ ነው።

ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? ሙቀቱስ እንዴት ይዞሻል? እኛ ጋ ውርጭ ነው፤ ጠዋት ጠዋት የበረንዳዬ ሲሚንቶ በካልሲ እንኳ አያስረግጥም። እኔ ፈጣሪ ይመስገን አለሁ። ደብዳቤ ሲጻፍ «ከናፍቆትሽ በቀር ደህና ነኝ» ማለት የአገር ወግ ነው። እኔ ግን አይቼሽ ስለማላውቅ በምን አፌ ናፈቅሽኝ ልበል? ናፍቆቱን ትቼ «ደህና ነኝ» ብቻ ብል ደግሞ ውሸት ይሆንብኛል። ስለዚህ «አለሁ» የምትለዋ ለጊዜው ትበቃናለች።

ጣውንቴ በማለቴም እንዳይከፋሽ። ሌላ ስም ሞክሬ ነበር። «እኅቴ» ልል ስል እጄ አልታዘዝ አለኝ። «ወይዘሮ» ብዬ ስጀምር ቀበሌ የጻፈው ማስጠንቀቂያ መሰለኝ። ጣውንት ክፉ ቃል ነው ይላሉ፤ ግን እኔንና አንቺን አንድ ላይ የሚጠራ ሌላ ቃል ብፈልግ ብፈልግ አጣሁ።

ገዳሙ ስልክ ቁጥርሽን ሰጥቶኝ ነበር። እዚህ ኔትወርኩ አንድ ሰሞን አለ፣ አንድ ሰሞን የለም፤ ያንን ሰበብ አደረግሁት። እውነቱን ልንገርሽና፣ ድምፅሽ ለስላሳ ሆኖ ቢገኝስ ብዬ ፈርቼ ነው።

የላክሽብኝን ጥያቄ ገዳሙ አድርሶልኛል። መልሱን እጽፍልሻለሁ። መልሱ ብቻውን ቢመጣ ግን አይገባሽም፤ ስለዚህ መጀመሪያ ሳሎኔ ውስጥ ስለምትኖር አንዲት ፍጡር ላጫውትሽ። እኔ ደግሞ ወሬ ከመሃል መጀመር አይሆንልኝም፤ ደንበኞቼ ይመሰክራሉ።

ልብስ ሰፊ ነኝ። የተማሪ ዩኒፎርም፣ የቀሚስ ጥገና፣ ሱሪ ማሳጠር፣ ይኸው ነው ሥራዬ። የስፌት መኪናዬን በረንዳ ላይ አውጥቼ ስሰፋ ሰፈሩ በሙሉ በፊቴ ያልፋል። ማን ማንን እንዳጨ፣ ማን ከአማቱ ጋር እንደተኳረፈ፣ የማን ባጃጅ የማንን ግቢ አዘውትሮ እንደሚጎበኝ፣ እኔ ሳልሰማው የሚያልፍ የለም። በበረንዳዬ ሳያልፍ የቀረው የራሴ ቤት ወሬ ብቻ ነው።

ባሌ እንዳላማው የአምበር ገበሬ ልጅ መሆኑን ታውቂያለሽ። ባሕር የሚባል ነገር በዓይኑ ያየው ቦቴ መንዳት ከጀመረ በኋላ ነው። አይቶ የመጣ ዕለት እራት አልበላም። «መጨረሻ የለውም» ይለኛል። «ምኑ?» ስለው «ባሕሩ ነዋ» ይለኛል። በሚቀጥለው ጉዞው አንድ ጀሪካን ባሕር ይዞልኝ መጣ። ለሌሎች የሹፌር ሚስቶች ከጅቡቲ ሽቶና ብርድ ልብስ ነው የሚመጣላቸው። የግድግዳ ጎረቤቴ የብርጓል ይህን ስትሰማ «የእኔ ባል ያን ሁሉ መንገድ ውሃ ተሸክሞልኝ ቢመጣ እዚያው ውሃው ውስጥ ነበር የምደፍቀው» ብላ ሰፈሩን አሳቀችው።

ከዚያ በኋላማ ልክፍት ሆነበት። መስታወት አስቆረጠ፣ በሲሊከን አጣበቀ፣ ፓምፕና ማሞቂያ ገዛ፣ ከላይ ሰማያዊ መብራት ሰቀለ። ከቴሌቪዥናችን ጎን የዓሣ ማኖሪያ አኳሪየም ተተከለ። ቴሌቪዥኑ ተረሳ። በየጉዞው አንድ ነገር ይጨምርበታል፤ ዛሬ አሸዋ፣ ነገ ዓሣ፣ ከዚያ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ድንጋይ። አንድ ጊዜ በእርጥብ ጆንያ የተጠቀለለ ድንጋይ ይዞ ገባና ልብሱን እንኳ ሳይቀይር ፈታው። ድንጋዩ ላይ ነጭ፣ ጭብጥ ያለች፣ ሥጋ ትሁን አበባ የማትለይ ነገር ተጣብቃለች። ውሃው ውስጥ ሲያስቀምጣት ቀስ ብላ ተከፈተች። ግንዷ እንደ እንጉዳይ ነው፤ ከላይዋ ብዙ ትንንሽ እጆች አሏት፤ የእጆቿ ጫፍ እንደ ላባ የተተረተረ ነው። እጆቿን ትከፍታለች፣ ትጨብጣለች፣ ትከፍታለች፣ ትጨብጣለች። ማንም ሳይነካት፣ ነፋስ ሳይኖር።

«ይቺ ዜማ ትባላለች» አለኝ።

ስሙ ከየት መጣ ብዬ አልጠየቅሁም። እዚህ አገር ዜማ ከየት መጣ ተብሎ አይጠየቅም። ግማሹ ሰፈር ቆሎ ትምህርት ቤት ደጅ ያደገ ነው። የኔታ ወልደ ሩፋኤል እንኳ ቤታችንን ጸበል ሊረጩ መጥተው ፊቷ ቆመው ቀሩ። እጇን ስትዘረጋና ስትሰበስብ አይተው «ድምፅ የሌላት ዜማ! እንዳላማው፣ ይህን ስም ያወጣህ አንተ ከሆንህ ቅኔ ቤት ያልገባኸው ለእኛው ጉዳት ነው» አሉት። እሱ አንገቱን ደፋ። እኔ ትሕትና መስሎኝ ኮራሁበት።

እንግዲህ እሱ ሲሄድ እኔና ዜማ ነበርን። ሹፌር ያገባች ሴት ኑሮ ምን እንደሆነ ለአንቺ አልነግርሽም። አንድ ሰሃን ታጥቢያለሽ፣ አንድ ብርጭቆ ትደፊያለሽ፣ ሬዲዮኑን ከፍተሽ ማን እንደተናገረ ሳትሰሚ ትዘጊዋለሽ። የበረንዳ ወሬዬን ማታ ገብቼ ለእሷ ነበር የማወራላት። ስትከፍት «ኧረ በይ!» ያለችኝ ይመስለኛል፣ ስትጨብጥ «እሱን እንኳ ተይው» ያለችኝ። መብራት ሲጠፋ ፓምፑም ማሞቂያውም ይቆማልና እሷ በብርድና በእፍንታ እንዳትሞት መስታወቱን በጋቢ እንጠቀልላለን፣ ውሃውን በጭልፋ እናማስላለን። የብርጓልም ልማድ ሆኖባት መብራት በጠፋ ቁጥር ጋቢዋን ይዛ ትሮጥልኛለች። ለእሷ ግን ዜማ አይደለችም፤ «አበባ ጎመን» ነው የምትላት። መልኳ አበባ ጎመን ይመስላል፤ አልዋሽም።

እሱ በመኪናው ጋቢና ውስጥ እንደተኛ መቅረቱን አንቺ ከእኔ በፊት እንደሰማሽ አሁን አውቄአለሁ። ስለዚያ አልጽፍልሽም፤ ሁለታችንም እናውቀዋለን። የለቅሶው ሰሞን ድንኳን ተጥሎ ሰው ሲገባና ሲወጣ መስታወቱን ያየ አልነበረም። ዓሦቹ አለቁ። ዜማ እጇን ሰብስባ ግንዷ ላይ ተኮማተረች።

ገዳሙ ለቅሶ ሊደርስ መጥቶ ከመስታወቱ አጠገብ ተቀመጠ። ንፍሮ ተሰጠው። የባሌ የመንገድ ጓደኛ ስለሆነ የቤታችንን ነገር ሁሉ ያውቃል ብዬ፣ ሰው ገለል ሲልልኝ ጠጋ አልኩና «ዜማም እሱ ከሄደ ጀምሮ ዘግታለች፤ ምንም አልቀምስ ብላለች» አልኩት።

ቀና ብሎ አየኝ። እፎይታ ይሁን ድንጋጤ ያልለየሁት ነገር በፊቱ ላይ አለፈ።

«አዎ እታለም፤ እኔም ስመጣ ጎራ ብዬ አይቻታለሁ» አለኝ ዝቅ ብሎ። «ጥቁር ለብሳለች። ከአልጋዋም አልተነሳች።»

ዞሬ መስታወቱን አየሁ። «የለም፣ ነጭ ናት» አልኩት። «እስኪ ደህና አድርገህ ተመልከታት። ነጭ ናት።»

እሱም ዞሮ አየ። መስታወቱን አየ፣ እኔን አየ፣ ንፍሮው እጁ ላይ ቀረ። «እ... አዎ፣ ነጭ ናት» አለ። ብዙም ሳይቆይ ተነስቶ ሲሄድ ኮፍያውን ረሳው።

ጥቁር መልበሷን እንደምንም አልፌው ነበር። ሐዘን የጆሮ ጠላት ነው፤ አጥርቶ አያሰማም ብዬ። አላስቀምጥ ያለኝ አልጋው ነው። ውሃ ውስጥ የሚኖር ነገር ምን አልጋ አለው? አንዴ እንዲህ አስባለሁ፣ አንዴ ደግሞ «ዜማ በእርግጥ የዚህች ፍጡር ስም ከሆነ ገዳሙ የተምታታበት ነገር አለ» እላለሁ። ስሟ ካልሆነ ግን የሌላ ሰው ስም ነው። ሰፈሩ «ምነው ይህን ያህል ከአበባ ጎመን ጋር?» እያለ ሲሳለቅብኝ እኔ የያዝኩት የትዳሬን ጉዳይ ነበር። የዚያች ነገር ትክክለኛ ስም ማን እንደሆነ ካላወቅሁ የማን ሚስት ሆኜ እንደኖርኩ አላውቅም።

መምህር አንተነህ ዩኒቨርሲቲ ባዮሎጂ ያስተምራል። እግሩ አጭር ስለሆነ የገዛው ሱሪ ሁሉ እኔ ጋ ይመጣል። ሱሪውን ሊወስድ ሲመጣ እጁን ይዤ ሳሎን አስገባሁት። ወዲያው «እኔ የንብ ሰው ነኝ፤ ባሕር የማውቀው በሥዕል ነው» ብሎ ቃሉን አስቀደመ። ቢሆንም አዲስ ባሳጠርኩለት ሱሪ ተንበርክኮ ብዙ አያት። ተክል አይደለችም አለኝ፤ የኮራል ዘር ናት፤ ነፍስ ያላት እንስሳ ናት። እሷ አንድ ትምሰል እንጂ ብዙ ናት፤ እያንዳንዷ እጅ የራሷ አፍ ያላት ፍጡር ስትሆን አንድ ግንድ ተጋርተው ነው የሚኖሩት።

የብርጓል በር ላይ ቆማ ታዳምጥ ኖሯል። «ተጋርተው? ሳይጣሉ?» አለች።

«ሳይጣሉ» አላት።

«እንግዲህ ግንድ ካላት ባሕር ዛፍ ናት በሉና ገላግሉን። ባሕር ዛፍ ደግሞ ቢቆርጡትም ያቆጠቁጣል፤ ምን ያስጨንቃል?»

እኔ ግን የፈለግሁት ሌላ ነበር። «ዜማ የሚባል ኮራል አለ ወይ? እሱን ብቻ ንገረኝ» አልኩት።

«የቤት ስሟ ይመስለኛል» አለኝ።

«የቤቱን ስም እኔም አውቀዋለሁ» አልኩት። ድምፄ ተለውጦ ነው መሰለኝ ከዚያ በኋላ ሳይቀልድ በስልኩ ከግራ ከቀኝ ፎቶ አነሳት። ባሕር ያጠና የትምህርት ጓደኛ አዲስ አበባ አለኝ፣ እልክለታለሁ አለ። ኔትወርኩ ደግሞ እንደምታውቂው ነው። ፎቶዋ ሳይላክ ሰነበተ፤ እኔም የሰው ቀሚስ ያለ ልኩ ስሰፋ ሰነበትኩ። ለአንዷ ተማሪ ሁለቱንም እጅጌ የግራ አድርጌ ሰፍቼላታለሁ።

በመጨረሻ መምህር አንተነህ ራሱ ለስብሰባ አዲስ አበባ ሄዶ ጠይቆ መጣ። ገና ከመንገዱ ማዶ ሆኖ «ተገኘች!» አለኝ። «ዜኒያ ትባላለች!»

መርፌው ጨርቁ ውስጥ እንዳለ ቀረ። «ድገመው» አልኩት። «ዜኒያ» አለኝ። ከእኔ በፊት እሱ ራሱ ተናገረው፤ ጅቡቲ ያለ ሰው ዜኒያ ብሎት ባለቤትሽ ዜማ ብሎ ሰምቶት ይሆናል፣ የጎጃም ጆሮ ሌላ ምን ይሰማል አለኝ። ቃሉ የግሪክ ነው፣ እንግዳ ከመቀበል ጋር የተያያዘ ትርጉም አለው ብሎም ሊያስረዳኝ ሞክሮ ነበር። አልሰማሁትም። ልቤ ዶሮ ገበያ ሄዷል።

ዶሮ ሠራሁ ስልሽ! የብርጓልን ጠራሁ፣ መምህሩን ጠራሁ። የብርጓል እየበላች «ባሏን ቀብራ ሰሞኑን የሳቀች ሴት ብትኖር የአበባ ጎመን ስም የተገኘላት ብቻ ናት» አለች። ትበል ብዬ ወጥ ጨመርኩላት። ሰዎቹ ሲሄዱ ከእንዳላማው ፎቶ ፊት ቆሜ ይቅርታ ጠየቅሁት። ድምፄን አውጥቼ ነው የጠየቅሁት። ዜማም የዚያን ሰሞን ጥቂት እጆቿን ከፍታ ነበር።

አርባውን አምበር፣ ከተቀበረበት ደብር አወጣን። ገዳሙም ከመንገድ መጥቶ ነበርና ሲመለስ ማርቆስ ድረስ በመኪናው አደረሰኝ። ቤት ገብቶ እንጀራ ቆርሼ ሳቀርብለት ደስ ብሎኝ ነገርኩት። ዜማ ማለት ለካ ዜኒያ ናት፤ ምሁር አረጋገጠልኝ፤ አንተም ያን ዕለት ድካም ይዞህ ነበር የተምታታብህ አልኩት።

«እውነት ነው እታለም» አለኝ። «ዜኒያ ናት።»

ቶሎ አመነልኝ። ገዳሙን ታውቂዋለሽ፤ ስለ ጎማ እንኳ ሳይከራከር የማይውል ሰው ነው። እንዲህ ቶሎ «እውነት ነው» ሲለኝ እየራራልኝ እንደሆነ ገባኝ። እጁን ከእንጀራው ላይ አነሳ።

«መልእክት አለብኝ» አለኝ። «ካላደረስኩ እሷ ፊት አልቆምም፤ ካደረስኩ አንቺ ፊት አልቆምም።»

«አድርሰው» አልኩት።

«መቃብሩን ልይ ትላለች። እታለም ከፈቀደችልኝ ነው ብላለች። ካልፈቀደች እዚሁ አለቅሳለሁ ብላለች።»

ከዚያ መሬት መሬቱን እያየ ሌላም ነገር ነገረኝ። እሱን እዚህ አልጽፈውም፤ አንቺ ታውቂዋለሽ።

ሲሄድ ቀን ነበር። ፀሐይ ሳሎኑ ድረስ ገብታለች። ዜማ ካንቺ ጋር ስም ተጋርታ እጇን ትከፍታለች፣ ትጨብጣለች። ተነስቼ ሶኬቱን ነቀልኩት። «እስቲ አሁን አዚሚ» አልኳት።

እንዲህ ያለ ጸጥታ ሰምቼ አላውቅም። ከባሌ ሞት ወዲህ ቤቴ ውስጥ የሚናገረው ለካ ፓምፑ ብቻ ኖሯል። ወንበር ስቤ ፊቷ ተቀመጥኩ። እስክትሞት ላያት ነበር የተቀመጥኩት፤ አልደብቅሽም። አንድ ሁለት እጅ ከፈተች። ከዚያ መሰብሰብ ጀመረች።

የእኔና የየብርጓል ግድግዳ አንድ ነው። የፓምፑ ድምፅ ሲቆምባት መብራት ጠፋ ብላ ጋቢዋን ይዛ እየሮጠች ገባች። «ደግሞ ወሰዱት? እኔ ጋ አለ እኮ፤ ያንቺ መስመር ብቻ ነው?» እያለች፣ እኔን ዞር ብላ ሳታየኝ መስታወቱን ጠቀለለችው። ጭልፋውን አነሳች። እያማሰለች «አይዞሽ የእኔ አበባ ጎመን» ትላታለች፤ «አይዞሽ። ጌታሽ ጥሎሽ ሄዶ አንቺ ምን ታደርጊ? ያመጣሽ እሱ፣ የተወሽ እሱ። ሰው አገር ብቻሽን ቀረሽ። አይዞሽ።»

እየሰማኋት ተቀመጥኩ። የእኔ ጎረቤት፣ የእኔን ሐዘን ልታቀልል የመጣች ሴት፣ በእኔው ጭልፋ አንቺን ስታጽናና ቆየች። ልቆጣት አፌን ከፍቼ ነበር። የወጣኝ ግን ሌላ ነው።

«ተይው የብርጓል፤ መብራቱ መጥቷል» አልኩና ሶኬቱን ሰካሁት።

ሶኬቱን አየች፣ እኔን አየች። «ነቅለሽው ነበር?»

«አቧራ ስጠርግ» አልኳት። አላመነችኝም። ምንም አልጠየቀችኝም ግን፤ ለየብርጓል ይህ የዓመት ጾም እንደማለት ነው። ጋቢዋን መስታወቱ ላይ ትታልኝ ሄደች።

ከዚያ ወዲህ ብዙ አሰብኩ። ስቀና የሰነበትኩት እኔ ጋ ያልነበረበት ቀን ሁሉ አንቺ ጋ የነበረ እየመሰለኝ ነው። ገዳሙን ባጠያይቀው አንቺም ቁጭ ብለሽ ስትጠብቂ ነው የኖርሽው፤ ወጡን አሙቀሽ፣ አቀዝቅዘሽ፣ መልሰሽ አሙቀሽ። ለካ አብዛኛውን ዕድሜውን ያሳለፈው እኔም ጋ አንቺም ጋ ሳይሆን መንገድ ላይ ነው። ሁለት ቤት ሠርቶ ሁለቱንም ባዶ አደረጋቸው። ተቆጥቼዋለሁ። ይቅር ብዬዋለሁ ብዬ አልዋሽሽም፤ ጠዋት ይቅር እለዋለሁ፣ ማታ እመለስበታለሁ።

ስምሽን ለእሷ አውሶ ነው ወይስ ስሟን ሲሰማ አንቺ ትዝ ብለሽው፣ ያንን አልጠይቅሽም። ያ ድንጋይ ወደ ቤቴ የገባበትን ጊዜ ማስላት ጀምሬ ተውኩት።

አሁን መልሴን ስሚኝ። መቃብሩን ታያለሽ፤ እኔ ፈቅጃለሁ። አሁን ግን አትምጪ። ክልከላ አይደለም፣ በክፉ እንዳትተረጉሚው። መንገዱ አንድ ሰሞን ይከፈታል፣ አንድ ሰሞን ይዘጋል፤ አውቶቡሱ ያንገላታል፤ ደጋው ብርድ ነው፤ ሰውነትሽን ማድከም የለብሽም። ጊዜሽ ደርሶ ስትበረቺ ትመጫለሽ። ሉማሜን እንዳለፍሽ ደውዪልኝ። አምበር ወርጄ መንገድ ዳር ቆሜ እጠብቅሻለሁ። ብቻሽን ወደ ደብሩ እንዳትሄጂ፤ ዘመዶቹ ደጎች ናቸው፣ ግን ጠያቂዎች ናቸው። «ይቺ ማናት?» ሲሉ እኔ ከጎንሽ ከቆምኩ ጥያቄው ለእኔ ነው የሚሆነው። እኔ ደግሞ ለጥያቄ አላንስም።

አንድ ነገር ላስቸግርሽ። ጀሪካን የሚያመጣልን ሰው ስለሌለ የዜማ ውሃ ጎድሏል። የብርጓል «ጨው ከሆነ የእኔ ቤት ጨው ሞልቷል» ብላ በእፍኟ ልትጨምር ስትል ነው እጇን የያዝኳት። መምህር አንተነህ የዚህች ዓይነቷ ፍጡር ሳይታሰብ አንድ ቀን ቀልጣ ልትጠፋ ትችላለች ብሎኛል፤ ስለዚህ አኖራታለሁ ብዬ ቃል አልገባልሽም። እሞክራለሁ። አንድ ጀሪካን ባሕር ላኪልኝ። ከወደቡ ራቅ ካለ ቦታ ይሁን፤ እዚያ ውሃው ናፍጣ ናፍጣ ይላል ይል ነበር እንዳላማው። ታዲያ አንቺ እንዳትቀጂው። ጀሪካኑን ባዶውንም ቢሆን እንዳታነሺው። ገዳሙ ይቅዳ፣ ገዳሙ ይሸከም፤ አንቺ ደረቅ መሬት ላይ ቆመሽ በእጅሽ ቦታውን አሳዪው። ድንጋዩ ላይም እንዳትወጪ፤ ያንሸራትታል።

ስለ እኔ ደግሞ ከጠየቅሽ፣ ዩኒፎርሙን ለጊዜው ገታ አድርጌ ጥላ እየሰፋሁ ነው። ለማርያም የማስገባው ጥላ ነው፤ ቀይ ከፋይ፣ ዳር ዳሩ በወርቃማ ዘርፍ። የቆየ ስለት ነው፤ ከተጋባን ጀምሮ ልጅ ስጪኝ ብዬ በየዓመቱ ስሳለው የኖርኩት፣ ሰፈሩ በሙሉ የሚያውቀው። የብርጓል ጨርቁን አይታ እንቅልፍ አጣች። «ምን ደርሶልሽ ነው? ባልሽ ሞቶ፣ ከእንግዲህ ምን ሊደርስልሽ ነው?» ትለኛለች። «ደርሶልኛል» አልኳት። የት እንደደረሰ ግን አልነገርኳትም።

ቤትሽን ሰላም፣ ጎንሽን ጤና ያድርግልሽ። ብቻሽን የምትቀርቢበትን ገበታ ፈጣሪ ይሙላልሽ። ማርያም በሽልም ታውጣሽ።

ታላቅሽ